የሄደ ሰው እናስገባለን

ሮም፣ ፒኜቶ
ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሳህሉ፤

ሰላምታውን ከታች ታገኘዋለህ። መጀመሪያ ልቆጣና ይውጣልኝ።

ፎቶዎቹ ደርሰውኛል። ሞላልኝ ከዕረፍቱ ሲመለስ ሸሚዞቹ መሃል አድርጎ ሳያጣጥፍ አምጥቶልኛል፣ እግዜር ይስጠው። ቪያ ቮልቱርኖ ከሚገኘው የሐበሻ ምግብ ቤት ተቀበልኩትና እዚያው በር ላይ ቆሜ ከፈትኩት። ምን ብዬህ ነበር? ነጭ ግድግዳ፣ ፊት ለፊት፣ ሁለቱም ጆሮዎቿ የሚታዩበት የዓይናለም ጉርድ ፎቶ። ለቪዛ ነው አልኩህ። አንተ የላክልኝ ግማሽ ፊቷን ጨለማ የዋጠው፣ ፀጉሯ ላይ ከኋላ መብራት የበራበት፣ ዓይኗ ወደ መስኮት የሄደ ልጅ ነው። ከጀርባው ደግሞ በእርሳስ «ብርሃን ከአንድ ወገን ሲመጣ ፊት ይናገራል» ብለህ ጽፈህበታል። እንዲናገር ማን ጠየቀው?

ማርያን ታውቃታለህ፣ በስልክ ሰላም ብላሃለች። የአስመራ ልጅ ናት፤ ፓትሮናቶ በሚሉት ቢሮ ለእኛ ዓይነቱ ሰው ወረቀት የምታዘጋጅ። እሷ ሳታየው ምንም ነገር ቪዛ ክፍል እንዳይገባ ብላኛለች። ፎቶውን አገላብጣ አየችና፣ «ልጅሽ ታምራለች፤ ግን ሌላኛው ግማሿ አገሯ ሊቀር ነው?» አለችኝ። እኔ አልሳቅኩም።

ኑላ ኦስታው ምንድን ነው ብለህ ለጠየቅከኝ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ልንገርህ። ባልሽንና ልጅሽን ብታመጪ አንከለክልሽም ያሉበት ወረቀት ነው። የሚያገለግለው እስከ መጋቢት መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ሁለታችሁም አዲስ አበባ ሄዳችሁ ለቪዛ ካላመለከታችሁ ይቃጠላል። ዓይናለም ደግሞ በሐምሌ ዐሥራ ስምንት ይሞላታል፤ እንደገና ልጠይቅ ብል ለእሷ አይፈቅዱልኝም። ልጄን ሳላሳድጋት አድጋለች፣ እሱን እንኳ ውጬዋለሁ። በጉርድ ፎቶ ምክንያት ብትቀርብኝ ግን አልውጠውም።

ለምን በስልክ አትነግሪኝም ላልከው፣ በስልክ ስነግርህ «እሺ» ትላለህ። እሺህን ጠግቤያለሁ። በቪዲዮ ስደውል ካሜራውን ወደ ጣሪያ ታዞራለህ፤ የቤታችንን ኮርኒስ በቃሌ ይዤዋለሁ። ፎቶውን በቴሌግራም ላከው ስልህ «ያኮማትረዋል፣ ቀለሙን ይገድለዋል» ትላለህ። አሎራ፣ እንግዲህ አንተ በወረቀት ከላክህ እኔም በወረቀት እጽፋለሁ፣ አልሰማሁም እንዳትለኝ።

እንዴት ከርመሃል? ወገብህን ተሻለህ? እኔ ደህና ነኝ፣ የምንከባከባት አሮጊት ሲኞራም ደህና ናት። ዓይናለምን ሳምልኝ።

ሰብለወንጌል

*

ደብረ ብርሃን
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለሰብለወንጌል፤

ቁጣሽ በደህና ደርሶኛል። እኔም ዓይናለምም ደህና ነን፤ ብርዱ ግን ዘንድሮ አላስቀመጠንም። ወገቤን ላልሽው ተሽሎኛል፤ ተንበርክኬ ሳነሳ ብቻ ነው የሚይዘኝ፣ አንቺ ደግሞ ተንበርክኮ የተነሳ ፎቶ አትወጂም።

ይቅርታ አድርጊልኝ። ግን ጨለማ ያልሽው ጨለማ አይደለም፣ ጥላ ነው። ሰውን ነጭ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ብልጭ ማድረግ የፖሊስ ጣቢያ ሥራ ነው። ልጃችን እንደዚያ ሆና ባዕድ አገር ሰው ጠረጴዛ ላይ እንድትቀመጥ እንዴት እሺ ልበል? ለማንኛውም አንቺን ደስ ይበልሽ ብዬ ደግሜ አንስቻታለሁ። በዚህኛው ሁለቱም ጉንጮቿ አሉ። የሌንሱን ዳር ዳር ስስ ቫዝሊን ቀባሁትና ዙሪያው ጭጋግ መሰለ፣ መሃሉ ግን ጥርት ያለ ነው። ጆሮ ያልሽው ነገር ትንሽ ጭጋጉ ውስጥ ገብቷል።

ማርያ ትዳሩ የእውነት መሆኑን የሚያሳይ የቤተሰብ ፎቶ ትፈልጋለች ያልሽኝን አልረሳሁም። ከሠርጋችን ጀምሮ እስከ አምና ያለውን በአልበም አድርጌ ወደ እናንተ ለምትመጣው ለደስታ ሰጥቻታለሁ። እንዲሁ አልላክሁትም፣ አሳምሬዋለሁ። ይህን ስታዪ ቁጣው ይበርድልሻል።

የሮም ፎቶዎችሽን አይቻቸዋለሁ። አትቀየሚኝና፣ ሁሉም ሕንጻ ናቸው፣ ያውም የተንጋደዱ። ዝናብ ሲያባራ ውጪና ኩሬ ፈልጊ። ስልክሽን ገልብጠሽ ሌንሱ ውኃውን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርጊው፤ ትራሙ ከላይም ከታችም ይታይሻል። ደግሞም ሁሉንም ነገር መሃል ላይ አታስቀምጪ፤ ወደ አንድ ዳር ገፋ አድርጊውና ሰማዩን ተዪለት። አንቺም አንዳንዱ ላይ ብትገቢበት ጥሩ ነበር። ከሄድሽ ወዲህ የላክሽልኝ ፎቶ ላይ አንቺ የለሽም።

አክባሪሽ
ሳህሉ

*

ሮም፣ ፒኜቶ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳህሉ፤

ኩሬውን ሞክሬዋለሁ፣ ከእሱ ልጀምር፣ ሌላውን ከጀመርኩ አልመለስም። ትራሙ የሚያልፍበት ጋ ተንበርክኬ ስልኬን ስገለብጥ አንድ ሽማግሌ የወደቅኩ መስሏቸው ሊያነሱኝ መጡ። ፎቶ ነው ብላቸው የባሰ አዘኑልኝ። ያምራል ግን፣ አልክድህም። ሲኞራዬ ማቀዝቀዣዋ ላይ ለጥፈዋለች።

አሁን ወደ አልበሙ።

ማርያና እኔ ከሥራ በኋላ ቢሮዋ ተቀምጠን ከፈትነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንተና እኔ በሠርግ ልብሳችን የወይን ብርጭቆ ውስጥ ቆመናል። ሚዜዎቻችን የሉም፣ ሽማግሌዎቹ የሉም፣ ቄሱ የሉም። ፏፏቴ አለ። ማርያ ቀጥይ አለችኝ፣ ቀጠልኩ።

ዓይናለም ከስምንተኛ ክፍል ስትመረቅ አጠገቧ ቆሜአለሁ። ቢጫ ሹራብ ለብሼ። በወንድምህ ሠርግ ላይ አለሁ፣ በዚያው ቢጫ ሹራብ። ጥምቀት ላይ አለሁ። ገና ላይ ከእናንተ ጋር ቁጭ ብያለሁ፣ ሹራቡን አላወለቅኩም። በእናትህ ተዝካር ላይ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጥቁር ለብሶ አንገቱን ደፍቷል፣ እኔ ብቻ ቢጫ ለብሼ ጥርሴን ገልጬ እስቃለሁ። ነፍሳቸውን ይማረውና እሳቸው ራሳቸው ቢያዩኝ ምን ይላሉ?

ማርያ አልበሙን ዘጋችውና፣ «ሰብለ፣ ተዝካሩ መቼ ነው?» አለችኝ። በ2012 አልኳት። «በ2012 የመኖሪያ ፈቃድሽን፣ ፔርሜሶሽን፣ ልታድሺ እዚህ ሮም አሻራ ሰጥተሻል። ይህን አስገብተነው ቢሆን ትዳሩም ውሸት፣ ልጅቷም ውሸት ብለው ይዘጉት ነበር» አለች። ቀጥላም የሠርጉን ገጽ ከፍታ፣ «እውነተኛውም ውሸት መስሏል» አለችኝ። አፈርኩ። ተናድጄ ብቻ አይደለም፣ አፈርኩ።

ምን ነካህ በሞቴ? እኔ እዚያ አልነበርኩም። የሰው እናት ሳጥብና ሳበላ ነበር። ያልነበርኩበትን ሁሉ እያወቅኩት፣ እንደነበርኩ አድርገህ ለእኔው ትልክልኛለህ?

ያልተነካውን ላክልኝ። ሚዜውም፣ ቄሱም፣ ድንኳኑም እንዳለ። እኔ የሌለሁበት ላይ እኔ አልኑር። የዓይናለምንም ደግመህ አንሳ፣ ቫዝሊኑን ለተረከዝህ ተወው። የራስህን ጉርድ ፎቶ ደግሞ እስካሁን አላየሁም።

ለመልካም ገና ያብቃችሁ።

ሰብለወንጌል

*

ደብረ ብርሃን
ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰብልዬ፤

ደብዳቤሽን ፎቶ ቤቴ ውስጥ ደንበኛ እያለ ከፈትኩትና ፊቴ ሲለዋወጥ አይተው «ጋሽ ሳህሉ፣ መርዶ ነው እንዴ?» አሉኝ። ኧረ ደህና ነው፣ ከባለቤቴ ነው አልኳቸው።

አጠፋሁ። ለመንግሥት የሚገባ መሆኑን እያወቅኩ እንዴት እንዳላሰብኩት ለራሴም ይገርመኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ እነዚያ ፎቶዎች ላይ አንቺን ማስገባቴን ረስቼዋለሁ። ግድግዳው ላይ ሲያዩሽ ለኖሩ ዓይኖቼ ያለሽበት ነው ትክክለኛው።

ለምን እንደጀመርኩት ላልሽኝ። ሁለት ጊዜ ትመጫለሽ ተባለ፣ ሁለት ጊዜ ፔርሜሶው አልታደሰም ተባለ። በሁለተኛው ጊዜ ዓይናለም አዲስ ቀሚስ ለብሳ በር ላይ ስትጠብቅ አንስቻት ነበር። አትመጣም ስንባል ፎቶውን አሳየኝ አለች፣ አየችውና ከጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ በጣቷ ነካችው። እኔ ሌላ ምን እችላለሁ? በማግሥቱ አውሮፕላን ልትሳፈሪ ስትይ ካነሳሁሽ ፎቶ ላይ ቆርጬ አስገባሁሽ። ሌላ ፎቶ ስለሌለኝ ነው ሁልጊዜ ቢጫ ሹራብ።

ደንበኛ አይቶ የእኔንም ሥራልኝ አለ። ልጆቿ አረብ አገር የሄዱባት ሴት መጣች፣ ከዚያ ሌላዋ። ዛሬ የሱቄ በር ላይ «የሄደ ሰው እናስገባለን» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከጉርድ ፎቶ ይልቅ የምኖረው በእሱ ነው። ቀላል ሥራ እንዳይመስልሽ። ብርሃኑ ከየት እንደመጣ አይተሽ የሚገባውንም ሰው በዚያው ወገን ማብራት አለብሽ፣ እግሩ ሥር ጥላ ካልሠራሽለት በአየር ላይ ይንሳፈፋል። በእናቴ ተዝካር ላይ ግን መሳቅሽን ማጥፋት አቅቶኝ ነው። አፍሽን ስዘጋው ሌላ ሰው ሆንሽብኝ።

ያልተነካውን ሁሉ ልኬልሻለሁ። አንቺ የለሽበትም። ዓይናለምንም ነጭ ግድግዳ ላይ አንስቻታለሁ፤ ጆሮዋን እስክትጠግቢ ታያለሽ። የእኔንም ጉርድ ፎቶ ጨምሬበታለሁ።

ሳህሉ

*

ሮም፣ ፒኜቶ
የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳህሉ፤

ያልተነኩት ደርሰውኛል። ማርያ አንድ በአንድ አየቻቸውና «በሉ አሁን ሰው ሆናችሁ» አለች። ቄሱን ሳያቸው አለቀስኩ፣ ምኑ እንዳስለቀሰኝ አላውቅም። የዓይናለም ጉርድ ፎቶ ቫ ቤኔ፣ ደህና ነው፣ ተብሏል። እንዲህ ትልቅ ሰው መሆኗን በጥላውና በጭጋጉ ሸፍነኸኝ ነበር።

ስለ ባዶው ቦታ የጻፍከውን አንብቤ ብዙ ቀን ልቆጣህ አልቻልኩም። አሁን ግን ችያለሁ፣ ምክንያቱም የአንተን ጉርድ ፎቶ አየሁት።

በር ላይ የቆመ ጥቁር ነገር ነው። ከኋላህ ፀሐይ፣ ከላይህ ባርኔጣ፣ ፊት የለም። አንድ ሰው መሆኑ ያስታውቃል፣ እሱን አመሰግናለሁ። ማርያ «ይሄ ባልሽ ነው?» ስትለኝ በባርኔጣው ነው አዎ ያልኳት። ምን የሚሉት ጥበብ እንደሆነ እንዳትጽፍልኝ፣ ከጀርባው ተጽፏል፣ አንብቤዋለሁ። ለቪዛ የቀረን ጊዜ እየተንጠፈጠፈ ነው፣ አንተ ጥላህን ትልክልኛለህ።

እስካሁን የሞኝነት ነው፣ የሙያ ኩራት ነው እያልኩ ስቆጣ ነበር። አሁን ሌላ ነገር መጣብኝ። የልጅህን ስጠይቅህ አንዴ አጨለምከው፣ አንዴ አደበዘዝከው፣ በመጨረሻ ግን አስተካክለህ ላክህ። ማንሳት ትችላለህ ማለት ነው። የራስህን ግን አትልክም። ቪዲዮ ስደውል ጣሪያ ነው፣ ፎቶ ስጠይቅ ጥላ ነው። ሳህሉ፣ መምጣት ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን አንድ ቀን ጠይቄህ አላውቅም፣ መልሱን የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

ትፈልግ እንደሆነ ነገ ፊትህን አንሳና ላከው። አልፈልግም ካልክ ደግሞ እኔን አታድክመኝ፣ በግልጽ ጻፈው። ያም ሆነ ይህ ልጄን ይዘህ አዲስ አበባ ውረድ። እሷን ካስቀረህብኝ በምድርም በሰማይም አልታረቅህም።

ሰብለወንጌል

*

ደብረ ብርሃን
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለሰብለወንጌል፤

ዓይናለምን አዲስ አበባ ይዣት ወርጄ ነበር፤ ማመልከቻዋን አስገብታለች። ወረቀቱን አልመለሱባትም። ፎቶዋንም ያየችው ሴትዮ ያለ ምንም ቃል ተቀበለቻት። ፍርሃትሽ ይብቃሽ።

የእኔን አላስገባሁም።

ዓይናለም ገብታ ስትወጣ «አባዬ፣ ያንተስ?» አለችኝ። ሌላ ጊዜ አልኳት። ዋሸሁ መሰለኝ፣ እሷም አውቃብኛለች፤ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ አውቶቡሱ ውስጥ አላነጋገረችኝም።

ጠይቀሽኛልና ልመልስልሽ። መምጣት እፈራለሁ። የፊት ጥርሶቼ ሁለቱ የሉም፣ ፀጉሬም አልቋል፤ ለዚህ ነው ጣሪያውን የማሳይሽ። እሱ ግን ትንሹ ነው። እዚህ ጋሽ ሳህሉ ነኝ፣ ሰው ከሰላ ድንጋይ፣ ከአንኮበር ድረስ ልጄን አስገባልኝ ብሎ ይመጣል። እዚያ ማን ነኝ? ሞላልኝ እዚህ የፊዚክስ መምህር ነበር፤ ባለፈው ለዕረፍት ሲመጣ የአትክልት ሣጥን እንደሚያወርድ እየሳቀ ነገረኝ፣ ሳቁን ግን አየሁት። አንቺ ከሥራ እስክትመለሺ መስኮት ላይ ቆሜ የምጠብቅ ሰው እንዳልሆን ፈራሁ።

ከዚህም የባሰ አለ፣ አትቀየሚኝ። ቢጫ ሹራብ የለበሰችውን ሰብለ አውቃታለሁ። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ሰላም እላታለሁ፣ ከሰው ስጣላ እነግራታለሁ። እሷ አትቆጣም፣ አታረጅም። አንቺ ግን ማን እንደሆንሽ አላውቅም። የአሁን ፎቶሽን አንድ ቀን እንኳ አልላክሽልኝም፤ የቪዲዮ ስልክሽም ሁልጊዜ ከሲኞራዋ ማድ ቤት ነው፣ መብራቱ ከኋላሽ ነው፣ አንቺም ራስሽ ጥላ ነሽ። ብመጣና ብንተዋወቅ፣ ሁለታችንም ባንወደው፣ ከዚያ ወዴት እመለሳለሁ ብዬ ነው።

ይቅርታ ማለት ያንስ ይሆናል። ልጅቷን ግን አላስቀረሁብሽም።

ሳህሉ

*

ሮም፣ ፒኜቶ
ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሳህሉ፤

ልጅህ በሰላም ገብታለች። ደውላልህ አውርታችኋል፣ እኔ ያላወራሁህ ኩርፊያ ይዞኝ ነው። ለአንድ ደብዳቤህ ሦስት ጊዜ መልስ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ፤ ይህን ደግሞ ዓይናለም ተኝታለችና ሳላነበው አሽገዋለሁ።

ለጥርስ ብለህ ነው? እዚህ ያለው ሽማግሌ ሁሉ ጥርሱን ማታ ብርጭቆ ውስጥ ያሳድራል፣ እኔ ነኝ የማጥበው። ፀጉርህን ላልከው የእኔም ግማሹ ነጭ ነው። ፎቶዬን ያልላክሁልህ እንዳታየኝ ብዬ ነው፣ ተሸፋፍነን ኖረናል፣ እሺ፣ በዚህ እኩል ነን። ሞላልኝን ግን አትንካብኝ። ሣጥን አውርዶ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ እሑድ እሑድ በእግሩ ሲንሸራሸር አየዋለሁ፣ ለእሱ የማዝንበት ነገር የለኝም። ወዴት እመለሳለሁ ላልከው ደግሞ፣ ሱቅህ የትም አይሄድም፣ ትኬቱ ለመመለስም ይሠራል። እኔ ስመጣ ወዴት እመለሳለሁ ብዬ የጠየቅኩህ ይመስልሃል?

ለዚያች ባለቢጫ ሹራብ ልጅ ንገራት፣ ሰብለ ሰላም ብላሻለች በላት። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር፣ በማግሥቱ ምን እንደሚጠብቃት አታውቅም ነበር፣ ለዚህ ነው የምትስቀው። ባትቆጣ አይገርመኝም። እኔ የምቆጣው በሕይወት ስላለሁ ነው፣ ልትለምደኝ ትችላለህ።

አሁን አየር ማረፊያ የሆነውን ልንገርህ፣ ለእሱ ብዬ ነው የምጽፈው።

ስትወጣ አላወቅኳትም። ሻንጣ የምትገፋ ረጅም ሴት አለፈችኝና ተመልሳ መጣች። «እማ» አለችኝ። ተቃቀፍን፣ አለቀስን፣ ሰው ሁሉ አየን። እንባዬን ስጠርግ አብራኝ የመጣችው ማርያ የለችም፣ መኪና ልታመጣ ሄዳለች፤ አንድ መንገደኛ ለምኜ ስልኬን ሰጠሁትና አንሳን አልኩት። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከልጄ ጋር የመጀመሪያ ፎቶዬ ነው። ልጠጋት ስል ራቅ አለች። ቅረቢኝ አልኳት። «አይ እማ፣ ትንሽ ቦታ ተዪ» አለችኝ። እንደገና ተጠጋሁ፣ እንደገና አንድ ርምጃ ሄደች። ሰውዬው ግራ ገብቶት ስልኩን ዝቅ አደረገ። «ለምን?» ስላት፣ «አባዬ እዚህ ይገባል፤ ብርሃኑም ከቀኝ ነው፣ ይመቸዋል» አለችኝ።

ልጅህን ይህን አስተምረሃታል። እጄን ዘርግቼ ትከሻዋ አልደረሰልኝም። በመካከላችን አንድ ሰው የሚያክል ባዶ ወለል ይታያል፣ ከኋላችን የማናውቃቸው ሰዎች ሻንጣ። እኔ ወደ እሷ እያየሁ ነው፣ እሷ ቀጥ ብላ ካሜራውን ታያለች፣ ለሌላ ቦታ እንደያዘ ሰው። ፎቶውን አሳትሜ አገር ቤት በምትመለሰው በደስታ እጅ ልኬልሃለሁ። የአሁን ፎቶሽን ብለህ ነበር፣ ይኸው ነኝ፣ ነጩም ጸጉር፣ ቁጣውም።

ማርያ ለአንተ ጥያቄውን እንደ አዲስ አስገብታለች፣ ለባል የዕድሜ ገደብ የለውም ብላለች፣ ወራት ይወስዳል። እስከዚያ አስብበት። ፎቶው ላይ ግን ጥላም ሠርተህ፣ ብርሃንም አመሳስለህ፣ ራስህን እንዳታስገባበት። ያን ካደረግህ መጋዘን ሙሉ ፎቶ ብትልክልኝ አልከፍተውም። ቦታው የተተወልህ በእግርህ መጥተህ እንድትቆምበት ነው። ካልመጣህ በሚቀጥለው ስንነሳ ተጠግቼ ልጄን አቅፋታለሁ።

ሰብለወንጌል